ጌጥና ጥገና፦ የገና ቤት በቁሐር ሚካኤል

ስለ ቤት ማስጌጥ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው ከገበያ ወደሚገዛ ዕቃ ነው። መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ በልዩ ልዩ ቀለም የሚያበራ አምፖልና የፕላስቲክ አበባ የጌጥ ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ ሆነው ይታያሉ። ይሁን እንጂ ጌጥ ከገበያ በፊት ነበረ። ሰው ጎጆውን ከዝናብና ከነፋስ ለመጠበቅ ግድግዳውን ሲመርግ በዚያው ምርጊት ላይ በጣቱ መሥመር ማስመሩ፣ እህሉን የሚያኖርበትን ዕቃ ሲሰፋም አንዱን ስንደዶ ቀይ ሌላውን ጥቁር አድርጎ መንከሩ ውበት ከሥራ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ያስረዳል። ይህን በቅርብ ለመመልከት የሚሻ ሰው የልደት በዓል ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው በፎገራ ሜዳ፣ በቁሐር ሚካኤል የሚገኝን አንድ የገበሬ ቤት ቢጎበኝ ይበቃዋል።

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ አካባቢ አፈር እያግበሰበሱ ወርደው ያነጠፉት ለጥ ያለ ምድር ነው። ቁሐር ሚካኤልም ከወረታ ከተማ ብዙ ሳይርቅ በዚሁ አካባቢ ይገኛል። ክረምት ሲበረታ ወንዞቹ ሞልተው ይገነፍሉና የሜዳውን ሰፊ ክፍል ያጥለቀልቁታል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ለም ደለል ትቶ ይሄዳል። የሜዳው አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና የበሬ ሰኮና የሚይዝ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚህ አፈር ላይ የተሠራ ቤትም ከመሬቱ ጋር ያብጣል፣ ከመሬቱ ጋር ይኮማተራል። ምርጊቱ ይተረተራል፤ የግድግዳው እግር በርጥበት ይላላል፤ ወለሉ ይጎደጉዳል። የምድጃው ጢስ የግድግዳውን ላይኛ ክፍል ያጠቁረዋል። ስለዚህ ክረምት ባለፈ ቁጥር ቤቱ ይታመማል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገና የሚመጣውም ቤቱ ከዚህ ሕመም በሚያገግምበት ወራት ነው።

የወራቱ አቀማመጥ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ከዚያ ቀደም ብሎ ኅዳር 12 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል አለ፤ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል። ሩዙ የሚታጨደውና የሚከመረው በእነዚሁ ሁለት ወራት ነው። ከሩዙ ሥር በቀረው ርጥበት ላይ የተዘራው ጓያ ሜዳውን ዳግመኛ አረንጓዴ ያለብሰዋል። እንግዲህ ከአዝመራው ሥራ የተረፈችው ሰዓት፣ ማለዳና ማምሻ፣ የቤቱ ጥገና ሰዓት ትሆናለች። የጾሙ ወራትም ድግስ የሌለበት በመሆኑ እጅ ከማጀቱ ወደ ግድግዳው ለመዞር ፋታ ያገኛል።

ስለ አንድ ቤት እንናገር። የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ባለቤታቸውን በሞት ያጡ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። ለምርጊቱ የሚሆነውን አፈር ከደጃቸው አይወስዱም፤ ዋልካ ግድግዳ ላይ ሲወጣም ጠባዩን አይለቅምና። ከጉብታው ቀይ አፈር ያስመጣሉ። ጭድ ይጨምሩበትና ውኃ አጠጥተው ለቀናት ያቦኩታል። ያልቦካ ጭቃ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ያነሰው ጭቃም አይያያዝም። የመጀመሪያው ምርጊት በደንብ ሲደርቅ እበትና አመድ የተቀላቀለበት ቀጭን ልቅላቂ ይከተላል። በመጨረሻም ነጭ አፈር በውኃ በጥብጠው፣ ጨርቅ ነክረው፣ ከላይ ወደ ታች ይቀባሉ። ቤቱ በአንድ ቀን ውስጥ የነጋለት ይመስላል።

ነጩ ግን እስከ ታች አይወርድም። ከመደቡ በላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ያለው ቀይ መሥመር ቤቱን እንደ መቀነት ይከበዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እንግዳ ይህን መሥመር ለዐይን ብቻ የተሠራ ጌጥ አድርጎ ይወስደዋል። የነጩና የቀዩ መገናኛ ቀጥ ብሎ መሄዱ፣ ቀለሙ የሣር ክዳኑን ጥቁረት መቀበሉ በእርግጥ ያማረ ነው። ነገር ግን መሥመሩ የተሰመረው መደብ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጀርባ በሚደርስበት ልክ ነው። ነጭ አፈር ልብስ ያበላሻል፤ እርሱም ቶሎ ይቆሽሻል። በበዓል ቀን ነጭ ለብሶ የመጣ እንግዳ ያለ ሥጋት ተደግፎ እንዲጫወት ቀዩ ተቀባ። የመሥመሩ ውበት የመጣው ለእንግዳው ጀርባ ከማሰብ ነው።

ከመሥመሩ በላይ የተሰቀሉት ስፌቶችም ከዚህ ሐሳብ አይርቁም። ሙዳዩ፣ አገልግሉ፣ ሰፌዱና ወስከምባዩ ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የተሰፉ፣ በአለላ የተጌጡ ናቸው። በግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ከአይጥና ከወለል ርጥበት እንዲድኑ ነው። ይሁን እንጂ እመቤቲቱ ሲሰቅሏቸው እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት አያጭቋቸውም። ትልቁን ሰፌድ በመካከል አድርገው፣ ታናናሾቹን ግራና ቀኝ አራርቀው ያኖሯቸዋል፤ በመካከላቸው ባዶ ነጭ ግድግዳ ይተዋሉ። ሥዕል ያስተማራቸው ሰው የለም። ባዶው ቦታ ለተሰቀለው ዕቃ ምን ያህል እንደሚጠቅመው ግን የሠለጠነ ሠዓሊ ያህል ያውቃሉ።

በከተማ ደግሞ ግድግዳ በሌላ መንገድ ለብሷል። በወረታም ሆነ በሌሎች ከተሞች፣ በብዙ የጭቃ ቤቶች ውስጥ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት በሊጥ መለጠፍ የተለመደ ነበር። ወረቀቱ ነፋስና አቧራ ይከላከላል፤ ቤቱን ብሩህ ያደርጋል። ፊደል የቆጠረ ሕፃንም ተጋድሞ ያነበዋል። የዚህ ዓይነት መጽሔት ገጾችም ከአንባቢ እጅ ወጥተው ሁለተኛ ዕድሜያቸውን በግድግዳ ላይ የኖሩ ብዙ ናቸው። የቤት እመቤቶች ገጽ ሲመርጡ ሥዕል ያለበትን ከፊት፣ ጽሑፍ ብቻ ያለበትን ከሥር ማድረጋቸው ለጸሐፊዎች ትሕትናን ሳያስተምር የቀረ አይመስልም።

የፎገራ ቤት ከሰው ሌላ ባለቤት አለው። የአካባቢው የከብት ዝርያ በፎገራ ስም ይታወቃል፤ ለወተትም ለእርሻም የሚሆን፣ ረግረጉን የለመደ ከብት ነው። በብዙ የአገራችን ገጠሮች ጥጃ የሚያድረው በዚያው በቤተሰቡ ጣሪያ ሥር ነው። ወደ አዲስ ቤት የሚገባ እንግዳ «ቤት ለእምቦሳ» ሲል፣ ባለቤቱ «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ መመለሱ ከዚህ የተነሣ ነው። የቤት ማማር የሚመረቀው ጥጃ የሚታሰርበት በመሆኑ እንጂ ዕቃ የሞላበት በመሆኑ አይደለም። የልደት በዓል መነሻ የሆነው ታሪክም በከብቶች በረት የተፈጸመ ነው። በዚህ ሜዳ የሚኖር ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ በረቱን በሐሳቡ መፍጠር አያስፈልገውም፤ የጥጃው ትንፋሽና የገለባው ሽታ ከአጠገቡ ናቸው። የቤቱ ወለል በእበት ሲለቀለቅም በረትና ቤት ይበልጥ ይቀራረባሉ።

ከጭቃና ከሣር ቀጥሎ ሦስተኛው የጌጥ ዕቃ ጥጥ ነው። ጥጡ ተፈልቅቆና ተባዝቶ አመልማሎ ይሆናል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ለሸማኔ ይሰጣል። የእመቤቲቱ ነጠላና ጋቢ ከመልበሻነታቸው ሌላ በበዓል ማግሥት ታጥበው በገመድ ላይ ሲሰጡ ግቢውን ያደምቁታል። በዚሁ ክፍል የጥጥ ሸማ ከዚህም የከበረ አገልግሎት ነበረው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ በሚገኙ በብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት የምናያቸው የግድግዳ ሥዕሎች በጭቃው ልስን ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው። ምርጊትና ሸማ ማለት የድሃው ቤትና የታላላቆቹ ሥዕሎች የጋራ መሠረት ነበሩ ማለት ነው። የኪነ ጥበብ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ከዚህ ቢጀምር ተማሪው ከቤቱ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ሥዕሉ ይደርሳል።

ጥጥ በዚያው ቤት አንድ ጊዜ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ከእመቤቲቱ ልጆች አንዱ በባሕር ዳር ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። በአንድ ዓመት ለገና ሲመጣ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛውን የፕላስቲክ ዛፍ በካርቶን ይዞ መጣ። ዛፉን ከምሰሶው አጠገብ አቁሞ የሚያብረቀርቅ ክር ጠመጠመበት። ከዚያም ከእናቱ ሙዳይ የተባዘተ ጥጥ አንሥቶ፣ እየነጨ በቅርንጫፎቹ ላይ ያኖር ጀመር። እናቲቱ ከመደቡ ላይ ሆነው ሲመለከቱ ቆዩና፣

«ጥጡ ደግሞ ለምንድን ነው ልጄ?» አሉ።

«በረዶ ነው እማዬ።»

«በረዶ?»

«አዎን፤ በፈረንጅ አገር በገና ጊዜ በረዶ ይወርዳል። እሱን ለማስመሰል ነው።»

እናቲቱ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «በጥቅምት የደረሰውን ሩዝ ያረገፈብንን ነው ቤቴ ውስጥ የምታንጠለጥለው?» ብለው ጠየቁ።

ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ፊቱ ጠቆረ። ዛፉ የወር ቀለቡን ያጎደለበት ነበር። ወደ እናቱ ቤት ባዶ እጁን ላለመግባት፣ ከተማ ያየውን ብርሃን ለማካፈል ያደረገው ነው። እናቲቱም ይህ ስለገባቸው ዛፉ ይነሣ አላሉም። ጥጡን ብቻ ከቅርንጫፎቹ ለቅመው መልሰው አመልማሎ አደረጉት። ማታ መብራቱ ሲበራ የጎረቤት ሕፃናት ተሰብስበው ዛፉን አዩ፤ ደስም አላቸው።

በዚህ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአማርኛ ከሰማይ እንደ ድንጋይ የሚወርደውም፣ በሰሜኑ አገር እንደ ብናኝ የሚወርደውም በተለምዶ በአንድ ቃል በረዶ ይባላሉ። ለከተሜው ቃሉ የፖስታ ካርድ ሥዕል ያመጣል፤ ለፎገራ ገበሬ ግን የጠፋ አዝመራ ያመጣል። ጌጥም እንደ ቃል ነው። ከተወለደበት ኑሮ ተነጥሎ ወደ ሌላ ሲሄድ መልኩን ይዞ፣ ትርጉሙን ጥሎ ይሄዳል።

የገና ዛፍ በተወለደበት አገር ከንቱ ነገር አልነበረም። በጀርመን አገር ልማዱ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ወደ ሌሎች አገሮች በሰፊው እንዲታወቅ ከረዱት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1848 በለንደን በታተመ ሥዕላዊ ጋዜጣ ላይ የወጣው፣ ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው አልበርት ከልጆቻቸው ጋር በዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳየው ሥዕል ነው። በዚያ አገር በታኅሣሥ ቀኑ ያጥራል፤ ብዙው ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል፤ መሬቱ ነጭ ይሆናል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ጥድና መሰሎቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው ይቆያሉ። ሕዝቡ አንድ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ቆርጦ ወደ ቤቱ ሲያስገባ፣ ሕይወት አለመጥፋቷን ለራሱና ለልጆቹ ይነግራል። ይህንኑ ሥራ በእኛ አገር የሚሠራው ቄጠማ ነው። ታኅሣሥ የበጋ ወር ነው፤ አዝመራው ቢጫ ሆኗል፤ መንገዱ ይቦናል። በዚህ ጊዜ ከረግረግ የታጨደ ርጥብ ቄጠማ ወለል ላይ ሲጎዘጎዝ አቧራው ይበርዳል፤ ቤቱ በውኃ ዳር ሽታ ይሞላል። እጣኑና የቡናው ጢስ ሲጨመሩበት የበዓል ቀን ዐይን ሳይገለጥ በአፍንጫ ይታወቃል። እንግዲህ የፈረንጅ ጥድና የፎገራ ቄጠማ ወንድማማቾች ናቸው። ከሁለቱም የማይወለደው የፕላስቲኩ ብቻ ነው፤ እርሱ አይደርቅም፤ ስላልደረቀም በሚቀጥለው ዓመት ማንንም ወደ ውኃ ዳር አይልክም።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ቄጠማው ከየት ይመጣል? የፎገራ ሜዳ ድሮ ሰፊ ረግረግ ነበረው። ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎች ዛሬም ስማቸው ይታወቃል፤ በበጋ ከሩቅ ሰሜን የሚመጡ የቁራ ዓይነት ሳይሆኑ ረጃጅም እግር ያላቸው የውኃ ዳር ወፎች ያርፉባቸዋል። የሜዳው መልክ የተለወጠው ሩዝ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መዘራት ከጀመረ ወዲህ ነው። ከሰብሉ መስፋፋት ጋር የግጦሹና የረግረጉ መሬት እየታረሰ ሄደ፤ ሸሸርና ወላላም እየጠበቡ መጡ። በጣና ላይ መታየቱ በ2004 ዓ.ም. የታወቀው እምቦጭ ደግሞ በፎገራ በኩል ያለውን የሐይቅ ዳርቻ ጭምር ሸፈነው። የእናቲቱ ልጆች በሕፃንነታቸው ማጭድ ይዘው ሄደው ከመንደር አጠገብ የሚያመጡት ቄጠማ ዛሬ ከወረታ ገበያ በእቅፍ ተገዝቶ ይመጣል።

ይህ ሲባል ሩዝን ለመክሰስ አይደለም። ሩዝ ውኃ የሚተኛበትን መሬት ለገበሬው ጥቅም አውሎለታል። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ሆኗል፤ ተሽጦ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የልጅ ደብተር ሆኗል። በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንዲቋቋም ያበቃውም ይኸው ነው። ከባሕር ዳር ዛፍ ይዞ የመጣው ልጅ ራሱ የተማረው በሩዝ ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሲበዛ ሌላው እስከ መጨረሻው መጥፋት አለበት የሚል ሕግ የለም። ረግረግ ጎርፍን ይይዛል፤ ውኃን ያጣራል፤ በበጋ ለከብት ሣር ይሰጣል። ቄጠማው ከዚህ ሁሉ የተረፈ ትርፍ ነው። ቄጠማ ከወለል ላይ ሲጠፋ የጠፋው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጎርፉን የሚይዘውና ከብቱን የሚያበላው መሬትም ነው።

በአካባቢው የሚገኝ ሌላ ምሳሌ ነገሩን በሌላ በኩል ያሳያል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አቅጣጫ የሚገኘው የአውራምባ ማኅበረሰብ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ማኅበረሰቡ የሃይማኖት በዓላትን አያከብርም፤ ስለዚህ ገናም የለውም። ቤቶቹ ግን ያማሩ ናቸው። መደቡ፣ መደርደሪያውና ማገዶ የሚቆጥበው ምድጃ ከጭቃ ተቀርጸው፣ ተለስነው፣ ከግድግዳው ጋር አንድ አካል ሆነው ይታያሉ። ሽመናም የማኅበረሰቡ ዋና መተዳደሪያ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። የቁሐር ሚካኤሏ እናትና የአውራምባዋ እናት በእምነት ይለያዩ ይሆናል፤ ጭቃውን የሚያለሰልሰው መዳፋቸው ግን አንድ ዓይነት ነው። በዓል ለጥገናው ቀን ይቆርጥለታል እንጂ ውበቱን የሚፈጥረው እጅ ነው።

እንግዲህ ቤትን ለገና አሳምሮ ማስጌጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ሁሉ መረዳት ይቻላል። ምርጊቱ የክረምቱን ስንጥቅ ይደፍናል። ቀዩ መሥመር እንግዳውን ያሳርፋል። ስፌቱ እህል ይይዛል። ነጠላው ያለብሳል። ቄጠማው አቧራ ያበርዳል። ከእነዚህ አንዱም ለመታየት ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ ሁሉም ግን ይታያል፤ ያምራልም። የቤቱ ግርማ ያለው በዕቃው ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ ነገር ሥራውን ጨርሶ ከዚያ በኋላ በማማሩ ላይ ነው።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ስላልተጻፈ በቀላሉ ይጠፋል። ጭቃ ስንት ቀን ሊቦካ እንደሚገባው የሚያውቁ እናቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው፤ የብሎኬት ቤት የሚሠሩ ልጆቻቸውም ይህን መጠየቅ አያስፈልጋቸውም። መምህራን በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ወስፌና አክርማ ቢያስይዙ፣ የአካባቢውን እናቶችም ወደ ትምህርት ቤት ጠርተው ቢያሳዩ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ሠዓሊዎችና የቤት ውስጥ ውበት ባለሙያዎች ከነጩና ከቀዩ አፈር፣ ከባዶው ግድግዳና ከስፌቱ አሰቃቀል የሚማሩት አለ፤ የብሎኬት ግድግዳም ቢሆን ቀዩን መቀነት ለመልበስ አይከለክልም። የቀበሌና የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች ደግሞ መሬት ሲያካፍሉ በየመንደሩ ዳር ትንሽም ብትሆን የማትታረስ ርጥብ መሬት ለሣርና ለቄጠማ ቢያስቀሩ፣ ለጎርፍ መከላከያ ሲሉ ያደረጉት ሥራ ለበዓሉም ይተርፋል።

ከተማ የሚኖሩ ልጆችም ለገና ወደ አገራቸው ሲገቡ ባዶ እጃቸውን መግባት የለባቸውም። ብርሃን ማምጣት መልካም ነው፤ በኩራዝ ያደገ ቤት አምፖል ቢበራበት የሚጠላ የለም። ከዚህ ይልቅ የሚበልጥ ስጦታ ግን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መድረስ ነው። የቦካ ጭቃ ይጠብቃል፤ የላይኛው ግድግዳ ለእናት እጅ ሩቅ ነው፤ ነጩን አፈር ከፍ ብሎ የሚቀባ ረጅም ክንድ ይፈልጋል።